ለአንድ ወንበር ሦስት ጊዜ፦ ለዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ታክሲ ነዳሁ፣ አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ፖለቲከኛ አይደለሁም። ግን ታክሲ የነዳ ሰው ስለዚህ ከተማ ፖለቲካ የማይሰማው ወሬ የለም። ከኋላ ወንበር ብዙ ተምሬያለሁ።

የምጽፍላችሁ አንድ ባለሥልጣን ቅሌት ውስጥ ገብቶ «ሥልጣኔን ለቅቄያለሁ» ካለ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ዜናው እዚያ ላይ ያበቃል። ካሜራው ዞር ይላል። ለእናንተም ለእኛም ግን ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው። ወንበር ባዶ ሆኗል፣ የምርጫ ቀን መቆረጥ አለበት፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚወጣበት አንድ ማክሰኞ እየመጣ ነው። በዚያ ማክሰኞ የሚመረጠው ሰው ደግሞ ዓመታትን ሊከርም ይችላል።

በ2020 ሎጋን ሰርክል አካባቢ ነበር የምኖረው፣ ዋርድ 2 የሚባለው የምርጫ ክልል ማለት ነው። የዋርዳችን የካውንስል፣ ማለትም የከተማው ምክር ቤት፣ አባል ጃክ ኢቫንስ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ወንበሩ ላይ ነው። ልጆቻችን ተወልደው ኮሌጅ ሲጨርሱ እሱ እዚያው ነበር። ከዚያ ሥልጣኑን ለግል ደንበኞቹ ጥቅም አውሏል የሚለው ጣጣ መጣ። በዲሴምበር 2019 የካውንስሉ ኮሚቴ ይባረር አለ። የመጨረሻው ድምጽ ሊሰጥበት አራት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2020፣ ራሱ ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ለዚያው ወንበር ልወዳደር ብሎ ተመዘገበ! እኔ ይህን ስሰማ የሬዲዮ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ያን ዓመት የዋርድ 2 ሰው ለአንድ ወንበር ሦስት ጊዜ ነበር ድምጽ መስጠት የሚጠበቅበት። ጁን 2 ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች እጩአቸውን የሚለዩበት ምርጫ። ጁን 16 የጎደለውን ወንበር መሙያ። ኖቬምበር 3 ዋናው ምርጫ። በመጀመሪያው ላይ አንድ መራጭ የዴሞክራቶችን እጩ መምረጥ የሚችለው በዴሞክራትነት ከተመዘገበ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዋርዱ ውስጥ ያለ ማንኛውም መራጭ መምረጥ ይችላል። የመጀመሪያው አሸናፊ፣ ኖቬምበር ላይ ከቀናው፣ በጃንዋሪ 2021 ለሚጀምረው ዘመን ነው። የሁለተኛው እስከዚያ ላሉት ጥቂት ወራት። አሁን ይህን በአማርኛ ለአንድ ደክሞት ከሥራ ለሚመለስ ሰው አስረዱት እስቲ። እኔ በዜና ሱሰኝነት የምታወቀው እንኳ ተምታታብኝ።

ጁን 2ን ታስታውሱታላችሁ። ኮሮና ነው። በመላ ከተማዋ የተከፈቱት የምርጫ ጣቢያዎች 20 ብቻ ነበሩ። በጆርጅ ፍሎይድ ግድያ ምክንያት የተቃውሞ ሰልፉ ተፋፍሟል፣ ከምሽቱ 7 ፒኤም ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታውጇል። መራጭ ይፈቀድለታል ተባለ፣ ግን ወታደር የቆመበት መንገድ ላይ «እኔ መራጭ ነኝ» ብሎ መሄድ ለኛ ቢጤ ቀላል አይደለም። የመራጩ ወረፋ ረጅም ነበር። ቆሜ መረጥኩ፣ ማታ ወደ ቤት ገባሁ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ ጁን 16 የሚያወራ ወረቀት ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ አገኘሁ። ያለፈው ምርጫ ቅሪት መስሎኝ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጣልኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ በማንም አላሳብብም። እላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እሳቸውንም «ምን ነበር ወረቀቱ?» ሲሉኝ «እማማ፣ ያለፈው ነው፣ ይጣሉት» አልኳቸው። ጣሉት። ሁለት ድምጽ በእኔ ምክር ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ጁን 17 ላይ ጓደኛዬ «ትናንት መረጥክ?» ሲለኝ ነው የገባኝ።

በነገራችን ላይ ጃክ ኢቫንስ በፕራይመሪው ያገኘው ከመቶ 3 ያህል ነው። ወንበሩ ላይ 29 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው! ብሩክ ፒንቶ ከብዙ ተፎካካሪ መሃል ሾልካ አሸነፈች፣ ጁን 16ንም አሸነፈች። ያኔ 28 ዓመቷ ነበር። በሴትየዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በቀኑ ላይ ነው።

ሕጉ ምን እንደሚል አንብቤያለሁ። የዋርድ ወንበር ሲጎድል ከ70 እስከ 174 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ትመርጣላችሁ። ብዙ መራጭ የሚወጣበትን ቀን፣ የባህልና የሃይማኖት በዓላትን ከግምት አስገብታችሁ። ቆንጆ ሕግ ነው። ጃንዋሪ 17 ላይ ተነስታችሁ ብትቆጥሩ ጁን 2 በገደቡ ውስጥ ነበረ። 137ኛው ቀን ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ሌላ ዓይነት ግርግር ያመጣል የምትሉበት ምክንያት ይኖራችኋል። ለፓርቲ አባላት አንድ ወረቀት፣ ለሁሉም ሌላ ወረቀት፣ ይገባኛል። ግን አንድ ቀን ሁለት ወረቀት ተቀብሎ የሚደናገር ሰው ቢያንስ ጣቢያው ድረስ መጥቷል። የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የተሳሳትኩት።

ሌላም አለ። ከጃንዋሪ 17 እስከ ጁን መጨረሻ ዋርድ 2 የራሱ ተወካይ አልነበረውም። መቼ መሰላችሁ? ሬስቶራንቱ የተዘጋበት፣ ሆቴሉ የባዶ ቤት ያህል ጸጥ ያለበት፣ የዳውንታውን ፓርኪንግ ሠራተኛ ሁሉ የተበተነበት ጊዜ። ለመላው ከተማ በሚመረጥ ወንበር ላይ የነበረው ሰው የፓርቲ አባል ከሆነ ፓርቲው ጊዜያዊ ሰው ይተካል። የዋርድ ወንበር ግን ባዶውን ይቆያል። ስለዚህ ቀኑን አርቃችሁ ስትቆርጡ ባዶነቱም ይረዝማል። ቶሎ ካላችሁ ደግሞ እጩ የሚታወቅበት ጊዜ የለም። ከባድ ሚዛን ነው፣ አልክድም።

ግን አንድ ቅሌት ሁለት ምርጫ ሲወልድ ምን እንደሚሆን ይህች ከተማ አስቀድማ አይታለች። 2012 ነው። የካውንስሉ ሊቀመንበር ክዋሚ ብራውን ለባንክ ብድር ባመለከተበት ወረቀት ላይ ገቢውን አጋኖ ጽፎ ተያዘ። ጀልባ ነበረችው፣ ስሟ «ቡሌት ፕሩፍ»። ጥይት አይበሳትም ማለት ነው። ጥይት ሳይሆን ፎርም ነው የበሳት። ጁን 6 ለቀቀ። ፊል ሜንደልሰን ጊዜያዊ ሊቀመንበር ሆነ። የሊቀመንበርነቱ ምርጫ ኖቬምበር ላይ ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጋር ተደረገ። ኦባማን ሊመርጥ የወጣ ሁሉ ያንንም አብሮ መረጠ። ሜንደልሰን አሸነፈ። አሸነፈና የድሮ ወንበሩ ባዶ ሆነ። እሷን ለመሙላት ደግሞ ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ሌላ ምርጫ። ለብቻው። በጸደይ ማክሰኞ። ከአሥር የተመዘገበ መራጭ የወጣው አንዱ ያህል ብቻ ነው። አኒታ ቦንድስ ከመቶ 32 አግኝተው አሸነፉ። ከመራጮቹ ከሦስት ሁለቱ ሌላ ሰው ነበር የፈለጉት። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ካውንስሉ ውስጥ ቆዩ። ቅሌቱ ያው አንድ ነው። አንዱ ምርጫ ከትልቁ ቀን ጋር ተጣምሮ ከተማው በሙሉ መረጠ። ሌላው ተነጥሎ፣ ማን እንደመረጠ እንጃ።

ያንኑ ዓመት ዋርድ 5ም ነበር። ሃሪ ቶማስ ለወጣቶች ስፖርት የተመደበ ከ350,000 ዶላር በላይ ወስዶ ጃንዋሪ ላይ ለቀቀ። ሜይ 15 በተደረገው ምርጫ ኬንያን ማክዳፊ ገባ፣ ዛሬ ስሙን የማያውቅ የለም። ጃክ ኢቫንስ ራሱ በ1991 የገባው በማሟያ ምርጫ ነው። በኋላ ከንቲባ የሆነችው ሙሪኤል ባውዘርም በ2007 የጀመረችው በማሟያ ምርጫ ነው፣ የሁለቱም በቅሌት ባይሆንም። ለሷ ወንበሩን የለቀቀው ያኔ ከንቲባ የሆነው አድሪያን ፌንቲ ነበር። እንግዲህ ከንቲባ የሚፈላው በዚህ ትንሽ ምጣድ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ምጣዱ ሲጣድ የለንም። ጠብል ጠዲቁ ሲደርስ ብቻ ነው የምንመጣው።

አልለቅም ያለ ሰውም ቢሆን ውጤቱ አይለይም። የዋርድ 8ቱ ትሬዮን ዋይት በጉቦ ተከሶ፣ ክሱን ሳይቀበል፣ ካውንስሉ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2025 አባረረው። ጁላይ 15 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ተወዳድሮ ተመልሶ ገባ። አራት ተወዳዳሪ ነበር፣ እሱ ከሦስት አንድ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈ። የዋርድ 8 ሰው ለምን እንደመረጠው የራሱ ጉዳይ ነው፣ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ የማየው ድምጹ ሲበተን ጥቂት ሰው ምን ያህል እንደሚወስን ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። አማርኛ በዚህች ከተማ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከወጣበት ከ2004 ጀምሮ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባል። እንግዲህ ትርጉሙ ላይ ጥቂት ልነካካ።

«ልዩ ምርጫ» የሚለውን ቃል ተዉት። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የመጣ ነው። ልዩ ሲባል እኛ የሚመጣብን የልዩ ዝግጅት ማስታወቂያ ነው፣ አዳራሽ፣ ዘፋኝ፣ መግቢያ ሃያ ዶላር። አገር ቤት ወንበር ሲጎድል የሚደረገው «የማሟያ ምርጫ» ነው የሚባለው። ይህን ቃል ያዩ እማማ ያለ እኔ ትርጉም ይገባቸዋል። አጉል ትርጉሜንም አይሰሙም።

ወሩንም። ጁንን «ሰኔ» ብለው የሚተረጉሙ ወረቀቶች አይቻለሁ። ማንን እንደሆነ አልልም። እማማ ግድግዳቸው ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አለ። «ሰኔ 16» ብትሏቸው ካላንደሩን ያያሉ፣ ሰኔ 16 ደግሞ ጁን 23 ነው። ምርጫው ካለፈ በሳምንቱ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ይሄዳሉ። እዚህ አገር ሁላችንም ጁን ነው የምንለው። ጁን በሉት። ከፈለጋችሁ በቅንፍ ሰኔ 9 ጨምሩበት።

በዓሉን በተመለከተ፣ «ፋሲካ እሑድ ነው፣ ከማክሰኞ ምን አገናኘው» እንዳትሉ። ሰሙነ ሕማማት አለ። ያን ማክሰኞ ስንቱ እናት ቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ ነው። ጃንዋሪ ላይ የሚለቅ ሰው የምርጫ ቀኑን ጾምና ፋሲካ ዙሪያ ሊጥለው ይችላል። በ2020 ፋሲካችን ኤፕሪል 19 ነበር፣ የሕማማቱ ማክሰኞ ኤፕሪል 14 በሕጉ ገደብ ውስጥ ነበረ። አልመረጣችሁትም፣ እናመሰግናለን። ግን አስባችሁበት ነው ወይስ ገጥሟችሁ? የእኛ ፋሲካ ከእናንተ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አምስት ሳምንት ይራራቃል። የሙስሊም ወንድሞቻችን ዒድም በየዓመቱ ይዞራል። ካላንደሩን ጠረጴዛችሁ ላይ አድርጉት።

ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ላይ ድምጽ ሰጥቷል። ግሪን ካርድ ይዘው ዓመታት የኖሩ ጓደኞች አሉኝ። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ እንደማይመለከታቸው ያውቃሉ፣ ስለዚህ ምርጫ የሚል ወረቀት ሲያዩ ሁሉንም ይፈራሉ። ያስፈራልም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ቀልድ አይደለም። የማሟያ ምርጫ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የካውንስል ወንበር ብቻ ሲሆን ለነሱ ከሁሉም ይቀላል። የትኛው እንደሚፈቀድላቸው፣ የትኛው እንደማይፈቀድላቸው በግልጽ አማርኛ ጻፉላቸው። በትንሽ ፊደል ከታች አይሁን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፖስታው ላይ፣ ከላይ፣ ለምን እንደምንመርጥ በአንድ መስመር ንገሩን። «የዋርዳችሁ ተወካይ ሥልጣን ስለለቀቀ ወንበሩ ባዶ ነው። ያለፈው ምርጫ አይደለም፣ አዲስ ነው።» ይኸው ነው። ይህች መስመር በ2020 ብትኖር ኖሮ ከፒዛው ማስታወቂያ ጋር አልጥላትም ነበር።

እማማ ደህና ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፖስታቸውን እንዳነብላቸው አይሰጡኝም። «አንተ ታስጥለኛለህ» ይሉኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪና መራጭ