ነፋስን በሮቶ ስለማጠራቀም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የነፋስን ጉልበት ውሃ ወደ ላይ በመግፋት አጠራቅሞ፣ ነፋሱ ሲተኛ ውሃውን መልሶ በማውረድ ወፍጮና ሌላም ማሽን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል በዓምዳችሁ አንብቤአለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ስለ ከፍታ አንዲት ቃል ሳይነሳ በመታለፉ፣ በግቢው ባቆመው ሮቶ ሊሞክረው የሚነሳ ሰው እንዳይኖር ሰግቻለሁ፤ እኔም ለመሞከር ዳድቶኝ ነበርና።

በ10 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ 5 ሺህ ሊትር ውሃ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያለ ብክነት ቢወርድ እንኳ፣ በቆጣሪ ቢለካ ከ0.14 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ይህ 10 ዋት አምፖል 13 ሰዓት ግድም ያበራል፤ 3 ኪሎዋት ተኩል ለሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ምጣዱ ሳይግል ሮቶው ባዶ ይቀራል። ለባለቤቴ ይህን ብነግራት «ታዲያ ውሃውን ለምን አንጠጣውም?» አለችኝ፤ መልስም አጣሁ።

ያው ውሃ ከ600 ሜትር ቢወርድ ጉልበቱ 60 እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስፔኗ የኤል ኢየሮ ደሴት ሥራ የጀመረው ጣቢያ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ በድምሩ 11.5 ሜጋዋት አቅም ያላቸው አምስት የነፋስ ተርባይኖች የሚተርፋቸው ኃይል፣ ውሃን ከታችኛው ኩሬ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ገፍቶ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ወደተሠራው ኩሬ ያወጣዋል።

በእኛ አገር ግን፣ በዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ላለው ኃይል፣ ፓምፕ መግዛቱ የሚቀድም አይመስለኝም። ውሃ ሽቅብ ገፍቶ መልሶ ማውረድ ከኃይሉ ከአምስት እጅ አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። 153 ሜጋዋቱ አዳማ ሁለትና 120 ሜጋዋቱ አሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች በበጋ ሌሊት ሲሽከረከሩ ግን፣ በጊቤ ሦስት ግድብ በዚያው ልክ ውሃ ሳይለቀቅ ቢቆይ፣ ያ ውሃ የተቀመጠ ነፋስ ነው፤ ሽቅብ የገፋው ደግሞ ማንም የለም፣ ክረምቱ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የኃይል ስርጭት ተቆጣጣሪ ባለሙያዎችን አነጋግሮ፣ ነፋሱ በበረታበት ሌሊት የትኛው ግድብ ስንት ተርባይን እንደሚያቆም ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ