መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት አልጋው ይታይ
ለአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የእንክብካቤ ጥራት የሚመዘንበት መንገድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣

ተቆጣጣሪዎች ወደ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀመጡት ቢሮ ውስጥ ነው። የሥራ ፈቃዱ ይታያል፣ የሠራተኛው ዝርዝር ይቆጠራል፣ የመድኃኒት መዝገቡ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ኃላፊ ከፊት እየመራ ክፍሎቹን ያስጎበኛል። እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ለመለመን ነው። ጉብኝቱ ከአልጋው ይጀምር፣ መዝገቡ ደግሞ በአልጋው ላይ የታየውን ለማመሳከር በኋላ ይምጣ።

አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል ሊታይ እንደሚችል አስረድቷል፦ ተቋሙ ምን አለው፣ በተግባር ምን ይሠራል፣ በታካሚው ላይስ ምን ውጤት ታየ። የመቆጣጠሪያ ቅጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት በመጀመሪያው ላይ ነው። ስንት አልጋ፣ ስንት መታጠቢያ፣ ስንት ዊልቸር። ይህ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ መደገፊያ የሌለው መታጠቢያ ቤት የአንዲትን እናት ዳሌ ለመስበር ይበቃል። ነገር ግን ሚዛን ያለው ቤት ሁሉ አረጋውያኑን አይመዝንም። የጥሪ ደወል የተገጠመበት ክፍል ሁሉ ደወሉ ሲደወል ሰው አይመጣበትም።

ተቆጣጣሪዎ አንድ ነገር ብቻ የሚያይበት ጊዜ ቢኖረው ቆዳን እንዲያይ እመርጣለሁ። የአልጋ ቁስል፣ ማለትም ሰው ሳይገላበጥ ብዙ ሲተኛ ቆዳው ተጭኖ የሚወጣው ቁስል፣ በአራት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ቆዳው ገና አልተቀደደም፤ ይቀላል፣ በጣት ሲጫኑትም አይነጣም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይለይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። በአራተኛው ደረጃ ቁስሉ እስከ ጡንቻና እስከ አጥንት ይዘልቃል። ከመነሻው እስከ መጨረሻው በሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ እጅ ሊያስቆመው ይችል ነበር። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ያደረጉት የአደጋ መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሰውነቱ ሲጫን ሕመሙ ይሰማዋል ወይ፣ ቆዳው ይረጥባል ወይ፣ ከአልጋ ይወርዳል ወይ፣ ራሱን ያገላብጣል ወይ፣ በደንብ ይመገባል ወይ፣ ሲያነሱት ቆዳው ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል ወይ። ነጥቡ ከ6 እስከ 23 ይደርሳል፤ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይከፋል። ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ታማሚውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይፈልጋል። ለዚህም ነው አንድ ቁስል ስለ ማገላበጡም፣ ስለ ረጠበው አንሶላም፣ ስለ ምግቡም፣ ስለ ሠራተኛው ቁጥርም በአንድ ጊዜ የሚናገረው።

እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱ ቁስል የቸልተኝነት ማስረጃ አይደለም። ሊሞት የተቃረበ ሰው ጥሩ እየተንከባከቡትም ቆዳው ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ቁስል አለ ወይስ የለም በሚል ብቻ አይቁም። የት ጀመረ፣ ማን መጀመሪያ አየው፣ ከታየበት ቀን ጀምሮስ ምን ተለወጠ ተብሎ ይጠየቅ።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቤት በየሁለት ሰዓቱ ስለማገላበጥ የሚሞላው ቅጽ የሌሊቱ ፈረቃ ሳይጀመር እስከ ንጋት ተፈርሞ ሲያድር አይቻለሁ። የፈረመችው ተንከባካቢ ክፉ ሰው አልነበረችም። ብቻዋን ልትወጣው የማትችለው ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱ ባዶ ከተገኘ ደግሞ የምትቀጣው እሷ ናት። ተቆጣጣሪው መጥቶ ያንን ወረቀት አይቶ ሙሉ ነጥብ ሰጠ። ወረቀትን የሚሸልም ምዘና ሠራተኛው ወረቀት እንዲሞላ ያስተምራል። ያን ሌሊት ያልተገላበጡት አረጋውያን ግን ጠዋት ላይ ሕመማቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

የክብደት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ 10 በመቶ የቀነሰ አረጋዊ በአስቸኳይ ሊታይ ይገባዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በወር 3 ኪሎ ማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው፣ በየቀኑ የሚያየው ሰው ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በምግብ ሰዓት ይምጣና ይቀመጥ። ራሱን መመገብ የማይችለውን ማን ያጎርሰዋል? ሳይዋጥለት ነው ወይ ሌላ የሚደገመው? የውሃው ብርጭቆ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው? ሰው ሠራሽ ጥርሱ አፉ ውስጥ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ? ይህን ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ ስለ ጸጥታ ልንገርዎ። ጎብኚ ሁሉ ጸጥ ያለ ቤት ያስደስተዋል። እኔ ግን የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት በቀትር ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሲያንቀላፉ ሳይ እፈራለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አዳዲሶቹ የሥነ አእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ሲሰጡ የመሞት ዕድላቸውን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል፤ በ2008 ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ወደ ቀደሙትም መድኃኒቶች አስፍቷል። አንዳንዴ በእርግጥ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንደሚወስዳቸው፣ በምን ምክንያት እንደታዘዙለት፣ መጠኑን ለመቀነስ መቼ እንደተሞከረ መጠየቅ አለበት። ማሰርም ገመድ ብቻ አይደለም። ሰው ሊወርድ የማይችልበት የአልጋ አጥር፣ ፍሬኑ ተይዞ የተተወ ዊልቸር፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ የተቆለፈበት ወንበር ሁሉ ማሰሪያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአረጋውያን መንከባከቢያ ሕግ ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት ሲባል ሰውን በማሰሪያም ሆነ በመድኃኒት መገደብን ከልክሏል። በማንኛውም አገር ሊደርስ የሚገባ ክልከላ ነው።

ጉብኝቱ መቼ ይሁን ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ሳይነገር፣ በሌሊትና በበዓል ቀን። እዚያው አሜሪካ መንከባከቢያዎችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የሠራተኛ ቁጥር የሚመዘገበው ተቋማቱ ራሳቸው በሚናገሩት ነበር። ከ2016 ጀምሮ ግን ከደመወዝ መዝገብ የተወሰደ መረጃ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ይህን መረጃ መርምሮ በ2019 የታተመ ጥናት፣ የሠራተኛው መጠን ቅዳሜና እሁድ ዝቅ እንደሚል፣ ምርመራ በሚደረግበት ሰሞን ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ እንደሚመለስ አሳይቷል። እኛ ፈረቃ ላይ የቆምን ሰዎች ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የተረኛ ሰሌዳ ትታችሁ የደመወዝ መዝገቡን ጠይቁ። በዓመቱ ስንት ተንከባካቢ ሥራ እንደለቀቀም ጠይቁ። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በድንገተኛ ግራ መጋባት ብቻ ሊገለጥ ይችላል። «አባባ ዛሬ ልክ አይደሉም» ብላ ነርሷን የምትጠራው ትናንትም ያየቻቸው ተንከባካቢ ናት። በየወሩ ሰው በሚቀያየርበት ቤት እንዲህ የምትል አትገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን አረጋውያኑን ራሳቸውን አነጋግሩ፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሠራተኛ በሌለበት። «ተመችቶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ አብዛኞቹ ተመስገን ነው ይላሉ። የሚኖሩት በሌላ ሰው እጅ ነውና ማስቀየም ይፈራሉ። ይልቁንስ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሡና ሰዓቱን ማን እንደሚወስን ጠይቋቸው። ሲታጠቡ በሩ ይዘጋ እንደሆነ፣ ሌሊት ደወል ሲደውሉ ምን እንደሚሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ውጭ የወጡት መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው 18ቱ የአረጋውያን መርሆዎች አረጋውያን ስለ እንክብካቤያቸውና ስለ ኑሯቸው ጥራት የመወሰን መብት እንዳላቸው ይናገራሉ። መናገር ከማይችሉት አጠገብ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ተንከባካቢዋ ስትገባ ፊታቸው ይፈታል ወይስ ሰውነታቸው ይኮማተራል? ስማቸውን ትጠራለች ወይስ በክፍላቸው ቁጥር ነው የምታውቃቸው? ልጆችም አቤት ሲሉ እናታቸው ላይ ቂም እንዳይያዝባት ይፈራሉና አቤቱታ ያቀረበ ሰው ስም በምስጢር ይያዝ፤ ሠራተኛም ሲጠቁም ከሥራ እንዳይባረር ይጠበቅ።

የምለምንዎ ቤቶች በችኮላ እንዲዘጉ አይደለም። አቅመ ደካማ ሰው ከለመደው ክፍልና ከለመደው ፊት በድንገት ሲነቀል ይጎዳል። የምለምንዎ ጉድለት የተገኘበት ቤት በጽሑፍ ቀነ ገደብ እንዲሰጠው፣ ተቆጣጣሪውም በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ሳይነገር፣ ተመልሶ ያንኑ አልጋ እንዲያየው ነው። የምርመራው ውጤትም ቤተሰብ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ይፋ ይውጣ። ሁሉን በአንድ ጠቅላላ ነጥብ መደመሩ ይቅር፤ ያማረ ሕንፃ የሚያስገኘው ነጥብ የቆሰለ ጀርባን ይሸፍናልና። የቁስሉ፣ የክብደቱ፣ የመድኃኒቱ፣ የሠራተኛው ቁጥር እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅጽ ሲከለስ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ተንከባካቢዎችና ራሳቸው አረጋውያኑ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ እንዲኖራቸው እጠይቃለሁ። ከተጠራሁ እኔም እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ