ጉቤት ላይ ሳትቆም እንዳታልፍ

ድሬዳዋ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለገና ልጆቹን ይዘህ እንደምትመጣ ከሰማሁ ወዲህ ቤቱን ደጋግሜ ሳሰናዳ ነው የምውለው። ከዚህ ደግሞ ጅቡቲ ወስደህ ባሕር ልታሳያቸው እንዳሰብክ ወንድምህ ነገረኝ። እሰይ፣ የኔ ጌታ! ግን በባቡር ነው አለኝ፤ እሱን ነገር እንነጋገርበት።

በመኪና ውሰዳቸው። የሸሚኖ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ልጅ ሆኜ ይህን ስል ይገርምህ ይሆናል። አያትህ ዕድሜውን የጨረሰው ሐዲድ ላይ ሲሠራ ነው፤ ድሬም ብትሆን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቢሆንም ባቡር ከተማው አድርሶህ ይመለሳል እንጂ የባሕሩን ዳር ዳር ይዞህ አይሄድም። እኔ ደግሞ ልጆችህ እንዲያዩልኝ የምፈልገው እሱን ነው።

አምና በታኅሣሥ ከወንድምህና ከእህትህ ጋር ሄደን አይቼዋለሁ። ድንበሩ ላይ እስካለችው ደወሌ ድረስ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ የሚወስደው ሜዳ ነው፤ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ የመንገድ ክፍያ አለው። ጅቡቲ ከተማ እደሩና በማግስቱ በማለዳ ወደ ታጁራ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ዌአ የምትባለውን መንደር አልፎ መገንጠያው እስኪደርስ ድረስ መንገዱን የሞሉት የእኛው አገር ተሳቢዎች ናቸው። ተሳቢዎቹ በግራ ወደ ድንበሯ ገላፊ ይቀጥላሉ፤ አንተ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ጭር ይላል።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ። መሬቱ እንዳለ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። መንገዱ በገደል አፋፍ ይጠመዘዝና ድንገት ከእግርህ ሥር ጉቤት የሚባለው ባሕር ይገለጣል። ባሕሩ በተራራ የተከበበ ነው፤ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው አንድ ጠባብ መግቢያ ብቻ ነው። መካከሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሏት ባዶ ተራራ ቆማለች። እህትህ መኪናውን አቁማ ሞተሩን ስታጠፋ ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። የአፍሪካና የዓረብ ምድር የሚለያዩት እዚያ ነው፤ መሬቱ እየተሰነጠቀ ነው። አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. ሲፈነዳ ያፈሰሰው ድንጋይ እስካሁን ሣር እንኳ አልሸፈነውም። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት፤ ትልቁ ልጅህ ትምህርት ቤት የሚማረውን ስምጥ ሸለቆ በዓይኑ ያያል።

ትንሽ አለፍ ብሎ አሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ውኃው ከጉቤት በድንጋዩ ስንጥቅ ሥር ለሥር እየሰረገ ይገባል፤ ፀሐይዋ ውኃውን ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። አፋሮች ለዘመናት በግመል ጭነው ወደ ደጋው ሲያወጡት የኖሩት ይኸው ጨው ነው። ዳሩ እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ስዘግን እጄ ላይ የቀረው እንደ ጨሌ ድብልብል ብሎ የተሠራ ጨው ነበር። ልጆቹን ግን በባዶ እግር አታስገባቸው፣ ይቆርጣል። ሲወጡ ጨው ገላቸው ላይ ስለሚደርቅ መታጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃ በጄሪካን ጫን። እዚያ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ከረፋዱ በፊት ድረሱ።

ታጁራ እደሩ። ነጫጭ መስጊዶቿ ከባሕሩ ጋር ደስ ይላሉ። ስትመለሱ ደግሞ አርታ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ በጀልባ ወጥታችሁ ዌል ሻርክ ፈልጉ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ሰው ግን አይነካም፣ ምግቡ ከውኃው የሚያጣራው ደቃቅ ነገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወደዚያ ስለሚመጣ የገናው ጊዜ ይስማማችኋል። በበጋው ወራት ካልሆነ በቀር ልጅ ይዞ የሚኬድበት አገር አይደለም፤ ክረምት ላይ ሙቀቱም አሸዋ የያዘው ነፋሱም አይቻልም።

የልጆቹን ፓስፖርት ከአሁኑ እይ፣ ጊዜው እንዳያልፍ። የመኪናውን ወረቀት ወንድምህ ይጨርሳል። ስንቁ የእኔ ነው። ከመስኮቱ ጋር ያለውን ቦታ ለልጆቹ እለቃለሁ፤ እኔን መካከል ላይ አስቀምጡኝ፣ አልቀርም።

የምትናፍቅህ እናትህ