ቡሬ ዘይት ብቻ አይደለችም፦ ለታሪክ ክፍላችን የድጋፍ ጥሪ

የቡሬ ልጆችና የቡሬ ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ነገሩን ሳናንዛዛ እንናገር። መዋጮ ልንጠይቃችሁ ነው። ኮሚቴ አቋቁመን ቡሬ ከተማ ላይ የአካባቢውን ታሪክ የሚሰበስብ አንድ ክፍል ልናደራጅ ተነስተናል። የሽማግሌዎችን ድምፅ እንቀዳለን። የድሮ ፎቶና ወረቀት እናሰባስባለን። የከተማዋንና የዙሪያዋን ካርታ እንሠራለን። ኋላ ላይ ሁሉም በአንድ መጽሐፍ ይታተማል። ጉልበቱ አለ፤ ወጣቶችም፣ ጡረታ የወጡ መምህራንም እንሠራለን ብለዋል። ገንዘቡ ነው የሌለው።

ለምን አሁን ትሉ ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ቡሬን አገር አወቃት። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተባለ። በዚያው ዓመት የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተመረቀ። በአገሪቱ መጀመሪያ ከተጀመሩት አራት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ አገራችንን ስንናገር "አሃ፣ የዘይቱ አገር!" ይሉናል። ቅር አላለንም። ከዚያ በፊት እኮ "የጦር ግንባሯ ቡሬ?" ነበር የሚሉን። ያቺ አፋር ውስጥ ናት፣ እኛ ጎጃም ነን፣ እያልን ስናስረዳ የኖርን ሰዎች ነን።

ግን ዘይቱ ራሱ ታሪክ አለው። ፋብሪካው ሪባን ተቆርጦለት፣ ካሜራ ተደርድሮለት ተጽፏል። ኑጉን የዘራው፣ ያጨደው፣ በአህያ ጭኖ ገበያ ያወጣው ሰው ግን አልተጻፈም።

ፋብሪካ በማይታሰብበት ዘመንም እዚህ አገር ዘይት ነበር። ኑጉ ተቆልቶ በሙቀጫ ይወቀጣል። በፈላ ውሃ ይበጠበጣል። ዘይቱ ሲንሳፈፍ በቀስታ ይገፈፋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የ55 ቀኑ ዓቢይ ጾም አለ፣ የ15 ቀኑ ፍልሰታ አለ። ቅቤ የማይነካበት ቀን ብዙ ነውና የጾም ወጥ ያለ ኑግ አይታሰብም ነበር። ኋላ መጭመቂያ ማሽን መጣ። ከጭመቃው የሚተርፈው ፋጉሎ ለከብት ማድለቢያ ሆነ። ከዚያ ደግሞ በድጎማ የሚገባው የፓልም ዘይት ተከተለ። የኑግ አገር ሰው ጄሪካን ይዞ ለፓልም ተሰለፈ! ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ያዩ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም።

ስለ ኑግ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሳናወራው ብናልፍ ያንገበግበናል። ኑግ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ነው። ውሃ የሚቋጥር፣ ሌላው ሰብል የማይደፍረው መሬት ላይም ይበቅላል። ራሱን በራሱ አያዳቅልም፤ ንብ ያስፈልገዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሳው ቢጫ ሲሆን ቀፎውም የሚሞላው ለዚህ ነው። ግን ምርቱ ትንሽ ነው። ከአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ10 ኩንታል አያልፍም። እስቲ አስሉት። ከ100 ኪሎ ኑግ 35 ኪሎ ዘይት ወጣ እንበል። ያን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ከኑግ ብቻ እናውጣ ብንል በቀን ወደ 40 ሺህ ኩንታል ኑግ ይፈለጋል። የአንድ ቀን ሥራ የ4 ሺህ ሄክታር አዝመራ ይውጣል ማለት ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች አኩሪ አተርና ከውጭ የሚገባ ድፍድፍ ዘይት የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ኑግን ትቶ ለምን በቆሎ እንደሚዘራ፣ ማንስ ተመልሶ ወደ ኑግ እንደገባ ለማወቅ ግን ሒሳብ አይበቃም፤ ገበሬውን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከምንቀዳቸው ቃለ መጠይቆች ብዙዎቹ በዚህ ላይ ይሆናሉ።

ካርታው ላይም እንለፋለን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወይና ደጋ። በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬው ይሆንላታል። ወረዳው ወደ ደቡብ ሲወርድ ቆላ ይሆንና ዓባይ በረሃ ላይ ያበቃል። ማዶ ወለጋ ነው። በምዕራብ ወምበርማ፣ በምሥራቅ ጃቢ ጠህናን፣ በሰሜን ምዕራብ አዊ አለ። በሰሜን በኩል ሰከላ ናት፤ ግሽ ዓባይ ያለው እዚያ ነው። ነገሩ ይገርማል። ዓባይ ከጎረቤታችን ተነስቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ጣናን ያቋርጣል፣ ጎጃምን በምሥራቅ ይዞርና በደቡባችን ብቅ ይላል። በጓሮ ወጥቶ አገር ዞሮ በደጅ እንደሚመለስ ሰው ነው። የቡሬ ተማሪ ይህን በገዛ አገሩ ካርታ ላይ በጣቱ እየተከተለ እንዲማረው እንፈልጋለን።

መንገድም የሚገናኘው እዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልት ቡሬን ያልፋል። ከቡሬ ደግሞ ሌላው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን እየተሻገረ ጎጃም ይገባ ነበር። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይመጣል። አሞሌ ጨው ይዞ ይመለሳል። ባሪያም ይሸጥ ነበር። ይህችን ዘለን "ንግዱ የደራ ነበር" ብለን መጽሐፍ አናሳትምም። ያ ንግድ ለነገሥታቱም የሚዋጉለት ሀብት ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተማረኩ። እምባቦ ከዓባይ ማዶ ሆሮ ጉድሩ ውስጥ ነው። ከማዶ ጋር ተጋብተናል፣ ተዋግተናል፣ ተገበያይተናል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ብቻ አይሆንም፤ አገውኛና ኦሮምኛ የሚችሉ ልጆችም ያስፈልጉናል።

ወደ 1933 ዓ.ም. እንምጣ። ቡሬ በዓለም ጦርነት ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው፣ የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይል በበላያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ወጣ። ዕቃ ጭነው ከሱዳን የተነሱት ግመሎች ወደ 15 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ነበረው። በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው ጦር ብዙ ሺህ ሰው ነበር፤ ያጠቃው ወገን በቁጥር ከእሱ በጣም ያንሳል። ሆኖም የካቲት መጨረሻ ላይ ናታሌ ከተማዋን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ።

ስለ ዊንጌት ብዙ ተጽፏል። የአርበኞቻችን ታሪክም በየመጽሐፉ ይገኛል፤ በላይ ዘለቀን የማያውቅ የለም፣ በላይ ግን የምሥራቅ ጎጃም ሰው ነው። ቡሬና ዙሪያዋ ስንቅ ያቀበለው፣ መንገድ የመራው፣ ቁስለኛ ጎተራ ውስጥ የደበቀው ማን ነው? የልጅ ልጆቹ ያውቃሉ። ምሽጉን የልጅነት መጫወቻቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። የአባታቸውን የአርበኝነት ወረቀት በሳጥን ያስቀመጡ አሉ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሳ ልጆች የነበሩት ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሽማግሌ በተቀበሩ ቁጥር አንድ ምዕራፍ አብሮ ይቀበራል ብለን ብናጋንን ማን ይቀየመናል?

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ሁለት የድምፅ መቅረጫ፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የተቀዳውን በሁለት ቦታ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ። መብራት እንደምታውቁት ነውና ባትሪና ሶላር። መደርደሪያና ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን። ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚወርዱት ልጆች ትራንስፖርትና ምሳ። ከሁሉም የሚከብደው ኅትመቱ ነው፤ የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ልጅ የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ በማይመችበት ጊዜ ገጠር አንወርድም፤ ከተማ ውስጥ ያሉትን እየቀዳን እንቆያለን። ለታሪክ ብለን የማንንም ልጅ አደጋ ላይ አንጥልም።

ከ100 ብር ጀምሮ ማንኛውንም እንቀበላለን። ገበሬዎች ከአዝመራ በኋላ ኑግም በቆሎም በጣሳ መስጠት ይችላሉ፤ በገበያ ዋጋ ተሸጦ በስማቸው ይመዘገባል። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ሙቀጫ፣ የቆመ መጭመቂያ ማሽን ያላችሁም አስቡን። ወረቀትና ፎቶውን ኮፒ አድርገን ዋናውን እንመልሳለን፤ የሰው ሳጥን አናራቁትም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከብር በላይ የምትረዱን ወላጆቻችሁን በስልክ በማሳመን ነው። "ምን ታሪክ አለኝና ልጄ" ሲሉ "ግድ የለም፣ እማ፣ የሚያውቁትን ያውሩላቸው" በሉልን።

ቡሬ ያልተወለዳችሁ፣ ግን ቡሬ ገበያ ወጥታችሁ ያደጋችሁ የወምበርማ፣ የጃቢ ጠህናንና የሰከላ ልጆችም አላችሁ። ከኑግ የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል። ከጥሪው አታመልጡም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። "ብሩን ማን ይበላዋል?" የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። መዋጮ ተሰብስቦ የት እንደገባ ያልታወቀበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ገንዘቡ በሦስት ሰዎች የጋራ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። ከሦስቱ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ጡረታ የወጣች ናት፤ ለሳንቲም የምትጣላ ሴት ናት፣ የመረጥናትም ለዚያ ነው። የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ከፋብሪካም ሆነ ከባለ ሀብት ድጋፍ ቢመጣ በደስታ እንቀበላለን። መጽሐፉ ላይ ምን ይጻፍ የሚለውን ግን የሰጠም ያልሰጠም አይወስንም።

የሒሳቡን ቁጥር ከኮሚቴው አባላት በአካል፣ ወይም በየከተማው ካለው የአገራችን ልጆች ዕድር ውሰዱ። ከማታውቁት ስልክ ቁጥር ከተላከላችሁ አትክፈሉ። እህል የምታመጡ በገበያ ቀን ጠዋት አምጡ፤ ከሰዓት መዛኙ ይሄዳል። ለማንኛውም ነገር፣ ለአንድ ጣሳ ኑግም ቢሆን፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።