ወሰንና ድንበር ይለዩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የድንበር ዜናዎቻችሁን ስከታተል አንድ ነገር ደጋግሞ ስለሚከነክነኝ ነው ይህን የምጽፈው። እንግሊዝኛው «ቦርደር» ሲልም «ባውንደሪ» ሲልም የእናንተ ትርጉም ያው «ድንበር» ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ሲቀላቀሉ ዜናው ራሱ ሌላ ዜና ይሆናል።

ባውንደሪ መስመር ነው። የአንዱ እዚህ ጋ አበቃ፣ የሌላው ከዚህ ጀመረ የሚል መስመር። አይከፈትም፣ አይዘጋም። በውል ይወሰናል፣ ካርታ ላይ ይሰመራል፣ ሲሳካ መሬት ላይ ምልክት ይተከልለታል። ቦርደር ግን ኬላ ያለበት፣ ፓስፖርት የሚታይበት፣ ዕቃ የሚፈተሽበት፣ ሰው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት ነው። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም በዕለት ወሬያቸው ያቀላቅሏቸዋል፤ ውል ወይም ፍርድ ሲጽፉ ግን ይጠነቀቃሉ።

የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጉዳይ እንይ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ የባውንደሪ ኮሚሽን ነው። ሥራውም መስመሩ የት እንደሚያልፍ መወሰንና ምልክት ማስተከል ነበር፤ መሠረቱ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች ነበሩ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ። ምልክት መትከሉ አልሆን ሲል በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነጥቦቹን በካርታ ላይ አስቀምጦ ተበተነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቦርደሩ ዝግ ነበር። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ተከፈተ፣ ለሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ ተቃቅፎ ተላቀሰ፣ ንግዱም ሞቅ አለ፣ ግን ወራት ሳይቆይ መሻገሪያዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። መስመሩ ሲከፈትም ሲዘጋም አንድ ስንዝር ንቅንቅ አላለም። ታዲያ «ድንበሩ ተከፈተ» የሚል ርእስ ብቻ ያነበበ ሰው የባድመም ነገር አብሮ ያለቀ ቢመስለው ምን ይፈረድበታል?

ሞያሌም እንዲሁ ናት። መስመሩ ለሁለት ከፍሏታል፣ ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የኬንያ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ ተጓዡ መውጫውንም መግቢያውንም አንድ ቦታ እንዲጨርስ ታስቦ የተሠራ ነው። መሻገሩን ለማቅለል እንጂ መስመሩን ለመንካት አይደለም። ቦሌ ኤርፖርት ደግሞ ከየትኛውም የአገሪቱ ጠርዝ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፓስፖርት ላይ ማኅተም ስለሚመታበት ብቻ፣ ቦርደር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የአገር ውስጡ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 ስለ ክልሎች ሲናገር «ወሰን» ነው የሚለው። በአዋጅ ቁጥር 1101/2011 የተቋቋመውም የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ተባለ እንጂ የድንበር ኮሚሽን አልተባለም። በሁለት ክልሎች መካከል መስመር አለ፤ ቦርደር የለም፣ ሊኖርም አይገባም። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት አለው ይላል። «የክልሎች የድንበር ግጭት» እያላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ግን አንባቢው ከማዶ ያለውን ወገኑን እንደ ሌላ አገር ሰው ማየት ይለምዳል። ከዚያ መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሮ «ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ» ሲባል፣ የሚገባ ነገር ይመስለዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ጋዜጣ በዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት።

ገበሬው «ድንበሬን ገፋብኝ» ሲል ግን አትንኩት። ያ የቆየ አማርኛ ነው፣ ማንንም አያሳስትም። የመሬት ወረቀቱ ላይ ደግሞ «አዋሳኝ» እየተባለ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ ተብሎ ይሰፍራል። ቃሉ ጠፍቶብን አይደለም ማለቴ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ስለ መስመሩ ስትጽፉ «ወሰን» በሉ፤ ስለ ኬላውና ስለ መሻገሪያው ስትጽፉ «ድንበር» በሉ። የክልል ከሆነ ሁልጊዜ «ወሰን» ይሁን። ከሱዳን ጋር ስላለው ጉዳይ ስትጽፉም እንዲሁ። የመተማ መሻገሪያ መዘጋት አንድ ዜና ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈረመው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1902 ውል የአልፋሽጋን መሬት ለማን ሰጠው የሚለው ክርክር ሌላ ዜና ነው። ሁለቱ «የድንበር ችግር» በሚል አንድ ርእስ ሲታጨቁ፣ መኪናው ቆሞበት መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚጠብቀው ነጋዴም፣ እርሻው ወዴት ሊካለል እንደሆነ የሚጨነቀው ገበሬም የሚፈልገውን መልስ ከጋዜጣችሁ አያገኝም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ