የጳጉሜን ቦታ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? ልጆቹስ? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታው የሁለታችንም ስለሆነ ማን ጀመረው ብለን አንካሰስ። ይልቅስ ሳንጨርሰው የተለያየንበትን ያን ክርክር ልቀጥል፤ እንደማልተወው መቼም ታውቃለህ።

«ፕሮግራም ከሠራ ሠራ ነው። ደንበኛው ኮዱን አያየው፤ ታዲያ ለማን ብለህ ነው የምታሳምረው?» ብለኸኝ ነበር። አሁን ማስረጃ ይዤልህ መጥቻለሁ፤ ያውም ከራሳችን ቤት።

በቅርቡ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ፣ የእነርሱን ወደ እኛ የሚለውጥ ፕሮግራም እንድጠግን ተሰጠኝ። የጻፈው ሰው ታታሪ ነው፤ ትጋቱ በየመስመሩ ይታያል። «ወሩ ጳጉሜን ከሆነ»፣ «ጳጉሜንም ሆኖ ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ» (ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት ነው)፣ «መስከረም ሆኖ ያለፈው ዓመት ሉቃስ ከነበረ» እያለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ይቀጥላል። ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ አዎን። ስህተቱ ብቅ የሚለው በዘመን መለወጫ ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያርመው ሰው ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጧል።

እስቲ አቆጣጠራችንን ረጋ ብለህ ተመልከተው። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን አላቸው። ጎዶሎዋ ጳጉሜን፣ 5ም ትሁን 6፣ የተቀመጠችው በዓመቱ ጭራ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ከእርሷ በኋላ የሚቆጠር ወር ስለሌለ ርዝመቷ የማንንም ሒሳብ አያናጋም። ከዘመኑ መነሻ እስከ አንድ ቀን ድረስ ስንት ቀን እንዳለፈ ማወቅ ፈለግህ እንበል። ከዓመተ ምሕረቱ አንድ ቀንሰህ በ365 ታባዛለህ፤ ዓመተ ምሕረቱን ራሱን ለ4 አካፍለህ፣ ቀሪውን ጥለህ፣ ድርሻውን ትጨምራለህ፤ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሰህ በ30 ታባዛለህ፤ ቀኑን ትደምራለህ። አለቀ። አንድ መስመር ነው፤ «ከሆነ» የሚል ቃል የለበትም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ያለ ልዩ መስተንግዶ ትገባለች። ዘመነ ሉቃስም ቢሆን ለ4 በማካፈሉ ውስጥ አብሮ ተቆጥሯል፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፣ ተከታዩ 2016 ደግሞ ለ4 እኩል ይካፈላል።

የፈረንጆቹ ጣጣ ብዙ ነው። ወሩ 31፣ 28፣ 31፣ 30 እያለ ይዘልላል፤ ተጨማሪዋ ቀን በሁለተኛው ወር ላይ ተሰንቅራ ከእርሷ በኋላ ያለውን ሁሉ ትገፋለች። ብልሆቹ ፕሮግራመሮች ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ዓመቱ ከማርች እንደሚጀምር አድርገው ቆጠሩት። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ያለፈው ዓመት ማብቂያ ሆኑ፤ 29ኛዋ ቀንም የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሆነች። ፌብሩዋሪን ጳጉሜን አደረጓት ማለት ነው! (የጥንት ሮማውያንም ዓመታቸውን ከማርች ይጀምሩ ነበር።) ከዚህ በኋላ የወራቱ ርዝመት በየ5 ወሩ 153 ቀን እየሆነ ይደጋገማል። ማርችን ዜሮ ብለህ፣ የወሩን ቁጥር በ153 አባዝተህ፣ 2 ጨምረህ፣ ለ5 አካፍለህ ቀሪውን ብትጥል ከዚያ ወር በፊት ያለፉት ቀናት ቁልጭ ብለው ይወጣሉ፤ ለኤፕሪል 31፣ ለሜይ 61፣ ለጁን 92። የመቶና የአራት መቶ ዓመቱ ደንብ ይቀራል (ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን የለውም)፤ እርሱም የሁለት ማካፈል ሥራ ነው። ይህን ቀመር መጀመሪያ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

ውበት የምልህ እንግዲህ ይህን ነው። ነገሩን የምታይበት ቦታ ሲስተካከል ልዩ ሁኔታ የመሰለህ ሁሉ ተራ ሆኖ ይገኛል። ያልተጻፈ ቅርንጫፍ አይሳሳትም፤ ፈተና አይፈልግም፤ ነገ በቦታህ የሚተካው ልጅም ራሱን ይዞ አይመራመርበትም። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1980 የሙያው ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ሁለት መንገድ አለ ብሎ ነበር፤ አንዱ ፕሮግራሙን ጉድለት እንደሌለበት ግልጽ እስኪሆን ድረስ ማቅለል፣ ሌላው ግልጽ ጉድለት እስከማይታይበት ድረስ ማወሳሰብ። የመጀመሪያው እጅግ ከባዱ እንደሆነም አልሸሸገም። እኔ የተሰጠኝ ፕሮግራም በሁለተኛው መንገድ የተሠራ ነበር።

አንተ ደግሞ ልጅ ሳለህ ከየኔታ ዘንድ የቆየህ ሰው ሆነህ ይህን መካድህ ይገርመኛል። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ሒሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን አስታውስ። ዓመተ ዓለሙ (ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ) ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይሆናል፤ ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕም ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ (ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል)። በ2016 አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነበር። ድምሩ 30 ካልሞላ ተሳስተሃል፤ ሒሳቡ ፈታኙን በሆዱ ይዞ ይዞራል። እኛ ዛሬ ለዚህ የተለየ ፕሮግራም እንጽፋለን።

ይህን ስልህ ግን ላሳጥር ብሎ በአንድ መስመር እንቆቅልሽ ለሚጽፈው ጎረምሳ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። እርሱ የሚያሳየን ራሱን ነው፤ ኮዱን ከሳምንት በኋላ ራሱም አያነበውም። ያማረ ሁሉ ትክክል ነው አልልህም ደግሞ። በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ እኩሌታ ላይ እየከፈሉ የመፈለጊያው ዘዴ ከሚያምሩት አንዱ ነው፤ ሆኖም ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቤተ መጻሕፍት (ተዘጋጅተው በተቀመጡ ኮዶች ስብስብ) ውስጥ ለዓመታት አንድ ስህተት ተሸክሞ ኖሮ ይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የሚፈለግበት ክልል ሁለቱ ጠርዞች ሲደመሩ ከ2,147,483,647 (በጃቫ ተራ ሙሉ ቁጥር ሊይዘው ከሚችለው ትልቁ) ካለፉ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርድ ነበር። አንዱ መፍትሔ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለ2 አካፍሎ በታችኛው ላይ መጨመር ብቻ ነው። ባያምር ኖሮ በዚያች አጭር መስመር ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ይገኝ ነበር ትላለህ? እኔ እጠራጠራለሁ።

አሁን ሥራ ልስጥህ። የበዓላቱን ማውጫም ጨምሬበታለሁ፤ የ2016ን ፋሲካ ሚያዝያ 27 ብሎ በትክክል አውጥቷል። ነገር ግን «መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል» የሚለው ቅርንጫፍ አሁንም መሀል ላይ ተገትሯል፤ ዓይኔን ይወጋኛል። የኔታ ይህን የሚያልፉበት ያጠረ መንገድ ነበራቸው? ካስታወስህ ጻፍልኝ፤ ካላስታወስህም ጻፍልኝ። ለእናትህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ