ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኳስ የማሳይበት ሻይ ቤት አለኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው ለደንበኞቼ ነው፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ሻይ የፈሰሰበት ገጽ ነው። ሰሞኑን የተረፈኝ ስለ እንግሊዝ ምርጫ የጻፋችሁት ሆነ። «አብዛኛው የእንግሊዝ ሕዝብ ስታርመርን መረጠ» ይላል። ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ልክ አይደለም» ብሎ ጠመኔ ተቀበለኝ። የጨዋታ ሰዓት የምጽፍበት ሰሌዳ ላይ ማንችስተርን በእጅጌው አጥፍቶ ቁጥር ደረደረ። በፈረንጆቹ 2024፣ በእኛ ሰኔ 2016፣ የስታርመር ፓርቲ ሌበር ከ650 የምክር ቤት ወንበር 411 ወሰደ። ያገኘው ድምፅ ግን 33.7 በመቶ ነው። ድምፅ ከሰጠው ሦስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ይብስ ብሎ በ2019 ያኔ የሌበር መሪ የነበሩት ጄረሚ ኮርቢን ከ10 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ይዘው ክፉኛ ተሸንፈዋል። ስታርመር በ9.7 ሚሊዮን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ!

ደንበኞቼ ቶሎ ገባቸው። በየሳምንቱ 1 ለ 0 የሚያሸንፍ ቡድን ዋንጫ ይወስዳል፤ የጎል ብዛት አይጠየቅም። እዚያም እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። አንደኛ የወጣው ወንበሩን ይወስዳል፣ የሌላው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ ሪፎርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ የደረሰው 5 ወንበር ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች በ3.5 ሚሊዮን 72 ወሰዱ። ፋራጅ አንጀቴን አይበላም፤ ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው።

«ስታርመርን መረጠ» የምትሉትም እንደዚያው። የስታርመር ስም ያለበት ወረቀት የደረሰው ለንደን ውስጥ ለሆልቦርንና ሴንት ፓንክራስ መራጭ ብቻ ነው። ሌላው የየአካባቢውን እጩ ነው የመረጠው። የቀድሞዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስንማ በ2022 የመረጧቸው 81 ሺህ ያህል የፓርቲያቸው አባላት ናቸው። ሥልጣን ላይ የቆዩት 49 ቀን። በ2024 ደግሞ የገዛ ክልላቸው መራጮች በ630 ድምፅ ልዩነት ከምክር ቤት አሰናበቷቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ለእንግሊዝ ተቆርቁሬ አይደለም የምጽፈው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ ያለው ይኸው ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ይህን ስነግራቸው ግማሹ ደንበኛዬ «አትቀልጂ» አለኝ።

ስለዚህ የምርጫ ውጤት ስትዘግቡ፣ የትም አገር ይሁን፣ ከወንበሩ ጎን ድምፁን በመቶኛ አስቀምጡልን። ቦታ ከጠበባችሁ የስታርመርን ፎቶ አሳንሱት፤ ግማሽ ገጽ ነው የያዘው።

የሻይ ቤቷ ባለቤት
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ